ስለ መስተዋት ዶቃ መሥሪያ ትንሽ እቶን አመራረጥ

የዛሬው ንግግራችን በመጠኑ ትንሽ በሆነ፥ ነገር ግን ለሚሠራበት ሰው የእንጀራ ገመድ ሊሆን በሚችል አንድ መሣሪያ ላይ ነው። ይኸውም የመስተዋት ዶቃ ለመሥራትና የመስተዋት ቁራጮችን ደራርቦ በሙቀት ለማዋሐድ የሚያገለግል፥ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ እቶን ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዶቃ ለአገራችን ሰው እንግዳ ጌጥ አይደለም። በሐመርና በቦረና ሴቶች አንገት ላይ የሚታየው ባለ ብዙ ቀለም ዶቃ፥ በከተማም በጌጣ ጌጥ ሱቅ ተሰቅሎ የምናየው ጨሌ ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት በአፍሪካ ገበያዎች ከተሸጠው የመስተዋት ዶቃ ብዙው ከቬኒስና ከቦሄሚያ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነበረ። ዛሬ ግን አንድ የእጅ ባለሙያ አንዲት ክፍል፥ አንድ የጋዝ ነበልባልና አንድ ትንሽ እቶን ካለው፥ ይህንኑ ዐይነት ጌጥ በገዛ እጁ ሊሠራ ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት እቶኑ ነው። ስለዚህ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሊገዛ የተነሣ ሰው ምን እያየ መምረጥ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ሻጭ ዕቃውን ሲያሞግስ ብዙ ጊዜ፥ «ይህ እቶን እስከዚህ ዲግሪ ድረስ ይግላል» ይላል። የገዢው ጥያቄ ግን፥ «ይህ እቶን እንዴት አድርጎ ያበርዳል?» የሚል መሆን አለበት። መስተዋትን ማጋል ማንኛውም ኃይለኛ እሳት የሚችለው ሥራ ነው፤ ሳይጎዱ ማብረድ ግን ጥበብ ነው። እቶንም የሚገዛው በተለይ ለዚህ ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

መስተዋት እንደ በረዶ በአንድ በተወሰነ ዲግሪ ላይ ድንገት የሚቀልጥ ነገር አይደለም። ሲግል ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፤ ሲበርድም ቀስ በቀስ ይጠጥራል። አንድ ዶቃ ከነበልባሉ ላይ ተነሥቶ በክፍሉ አየር ሲበርድ አስቀድሞ የሚጠጥረው የውጭ ገጹ ነው፤ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። በኋላ ውስጡ በተራው ሲበርድ ሊኮማተር ይፈልጋል፤ የጠጠረው ቅርፊት ግን አያላውሰውም። በዚህ ጊዜ በመስተዋቱ ውስጥ በዐይን የማይታይ መጓተት ይቀራል። ዶቃው ደኅና መስሎ ይቀመጣል፤ ከአንድ ቀን፥ ከአንድ ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ግን አንድ ትንሽ ጭረት ወይም ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ከሁለት ይከፈላል። የሚከፈለውም በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በገዢው አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። የሰባራ መስተዋት ስለት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ማንም ያውቀዋል።

ይህ የተደበቀ መጓተት ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። የቀለጠ መስተዋት ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲጣል፥ ቀጭን ጅራት ያለው የእንባ ቅርጽ ይይዛል። ወፍራሙን ራሱን በመዶሻ ቢመቱት ይችላል፤ የጅራቱን ጫፍ ሰበር ቢያደርጉት ግን መላው ጠብታ በቅጽበት ደቅቆ ዱቄት ይሆናል። ይህ ጠብታ በልዑል ሩፐርት ስም የሚጠራ ሲሆን፥ በ1661 ዓ.ም. በለንደን የሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት መርምረውታል። በችኮላ የበረደ ዶቃ ሁሉ የዚህ ጠብታ የሩቅ ዘመድ ነው።

መድኃኒቱ መስተዋቱን በአንድ በተወሰነ ሙቀት ላይ አቁሞ ማሳረፍ ነው። በዚያ ሙቀት ላይ መስተዋቱ ቅርጹን ሳይለቅ፥ መጓተቱን ለመፍታት የሚበቃ ያህል ብቻ ይለዝባል፤ ዳሩና መካከሉም እኩል ሙቀት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ በዝግታ እንዲወርድ ይደረጋል። ዶቃ ሠሪዎች በሚወዱት፥ በኢጣልያ በሙራኖ በሚሠራው ለስላሳ የመስተዋት ዘንግ፥ የማሳረፊያው ሙቀት ከ500 እስከ 520 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ የተመሠረተው ቡልስአይ የተባለው ፋብሪካ፥ ለማዋሐድ ሥራ ለሚያመርተው ገበታ መስተዋት የሚመክረው 482 ዲግሪ ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሠራበት ቦሮሲሊኬት የተባለው ጠንካራ መስተዋት ደግሞ 565 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል።

የሚያርፍበትና የሚበርድበት ጊዜ በሥራው ውፍረት ይወሰናል። ይኸው ፋብሪካ ባወጣው መመሪያ መሠረት 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሥራ 2 ሰዓት አርፎ፥ መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ 55 ዲግሪ ብቻ ይወርዳል። 25 ሚሊሜትር የሆነው 4 ሰዓት አርፎ በሰዓት 15 ዲግሪ፥ 50 ሚሊሜትር የሆነው 8 ሰዓት አርፎ በሰዓት ከ4 ዲግሪ ያነሰ ይወርዳል። ከዚህ የምንረዳው፥ ውፍረቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የማብረዱ ፍጥነት ወደ ሩብ ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ይህ ዕውቀት በዘመናችን የተገኘ አይደለም። አግሪኮላ የተባለው ሊቅ በ1556 ዓ.ም. በታተመው ስለ ማዕድን ሥራ በጻፈው መጽሐፉ የመስተዋት ሠሪዎችን ምድጃ ሲገልጽ፥ ከማቅለጫው ሌላ የተሠሩት ዕቃዎች ቀስ ብለው የሚበርዱበት ስፍራ እንደ ነበራቸው አመልክቷል። በምዕራብ አፍሪካም በጋና የሚኖሩት የክሮቦ ሰዎች አሮጌ ጠርሙስ ወቅጠው፥ ዱቄቱን በሸክላ ቅርጽ ውስጥ ሞልተው፥ ከኩይሳ አፈር በተሠራ ምድጃ በእንጨት እሳት ያጋግሩታል። የክሩ ማለፊያ የሚገኘው በዱቄቱ መካከል ከሚተከለው የካሳቫ ቅጠል አገዳ ነው፤ አገዳው ተቃጥሎ ሲጠፋ ስፍራው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ዶቃው ከምድጃው ሲወጣ ከነሸክላው ስለሚቀመጥም፥ የሸክላው ሙቀት ከድንገተኛ ብርድ ይጠብቀዋል። እንግዲህ መሣሪያው ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው።

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ። በመጀመሪያ የሚታየው የእቶኑ ግድግዳ ነው። ትናንሽ እቶኖች በሁለት ዐይነት ይሠራሉ። አንደኛው እሳት በማይበግረው ቀላል ጡብ፥ ሁለተኛው እንደ ጥጥ ተባዝቶ በተጠቀጠቀ የሴራሚክ ጭረት ነው። ባለ ጭረቱ እቶን ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ፈጥኖ ይግላል፤ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ያነሰ ነው። ነገር ግን ግድግዳው ብዙ ሙቀት ስለማይቋጥር ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ቶሎ ይበርዳል። ባለ ጡቡ ይከብዳል፥ ለመጋልም ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሙቀቱን በግድግዳው ውስጥ ይዞ ቀስ እያለ ይለቅቃል።

ኤሌክትሪክ በማይቋረጥበት አገር በሁለቱም መልካም ሥራ ሊሠራ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቀኑን ሙሉ የተደከመባቸው ዶቃዎች በእቶኑ ውስጥ እንዳሉ መብራት ቢጠፋ፥ ጡቡ በቋጠረው ሙቀት ሊያተርፋቸው ይችላል። ስለዚህ እንደዚህ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሠሪ ምክራችን ጡቡን ይምረጥ የሚል ነው። መብራት ሲጠፋም መዝጊያውን ከፍቶ «ምን ደረሰበት?» ብሎ ማየት ክልክል ነው። መብራቱ ሲመለስ እቶኑን በዝግታ ወደ ማሳረፊያው ሙቀት መልሶ የማሳረፉን ሥራ ከመጀመሪያው መድገም ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የሚግለው ሽቦ የተዘረጋበት ቦታ ነው። ጠፍጣፋ መስተዋት ለማዋሐድ ሽቦው ከላይ በክዳኑ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱ በሥራው ገጽ ላይ እኩል ይወርዳልና። ሽቦው በጎን ብቻ ሲሆን የገበታው ዳር ከመካከሉ ቀድሞ ይግላል፤ አጋጋሉ የፈጠነ ከሆነም ገበታው ይሰነጠቃል። ዶቃ ለማሳረፍ ብቻ ከሆነ ግን የጎን ሽቦ ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ ከፍተኛው ዲግሪ አንድ ቃል እንጨምር። ጠፍጣፋ መስተዋት በቅርጽ ላይ ለማጉበጥ ከ620 እስከ 680 ዲግሪ፥ ቁራጮችን ቅርጻቸው ሳይጠፋ ለማጣበቅ ከ730 እስከ 760፥ ፈጽመው አንድ ገጽ እንዲሆኑ ለማዋሐድ ደግሞ ከ800 እስከ 820 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። የጠርሙስና የመስኮት መስተዋት ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ ይፈልጋሉ። እንግዲህ እስከ 900 ዲግሪ የሚደርስ እቶን ለዚህ ሥራ በቂ ነው። እስከ 1,200 ዲግሪ ስለሚግል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል፥ የሸክላ ሥራም ለመሥራት ላላሰበ ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው መቆጣጠሪያው ነው። አንዳንድ ርካሽ እቶን «ዝቅተኛ፥ መካከለኛ፥ ከፍተኛ» የሚል መዘውር ብቻ አለው። እንዲህ ያለው እቶን በውስጡ ያለውን ሙቀት አያውቅም፤ ሠሪው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ካልጠበቀው በቀር በሥርዓት ሊያበርድ አይችልም። መልካሙ እቶን ግን በውስጡ ቴርሞካፕል የተባለ የሙቀት መለኪያ፥ በውጭው ደግሞ ዲጂታል መቆጣጠሪያ አለው። ለዚህ መሣሪያ ሦስት ነገር ይነገረዋል፤ በሰዓት ስንት ዲግሪ እንዲወጣ ወይም እንዲወርድ፥ በስንት ዲግሪ ላይ እንዲቆም፥ በዚያም ስንት ሰዓት እንዲቆይ። እነዚህን ትእዛዞች በተከታታይ እርከኖች መቀበል የሚችል፥ ባለቤቱ ሲተኛ እርሱ የማይተኛ መሆን አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት፥ «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ሁሉን ይረሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። በገንዘብ ማነስ ምክንያት አንዱን መተው ግድ ከሆነ፥ የእቶኑን ስፋት ቀንሱ እንጂ መቆጣጠሪያውን አትተዉ።

አራተኛው በሩና ስፋቱ ነው። ዶቃ የሚሠራው የቀለጠውን መስተዋት በልዩ ጭቃ በተለበጠ ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ በመጠቅለል ነው። ዶቃው እንዳለቀ ከነዘንጉ ወደ ጋለው እቶን ይገባል። ታዲያ በየጊዜው ትልቁ መዝጊያ የሚከፈት ከሆነ ሙቀቱ ይወጣል፥ አስቀድመው የገቡትም ዶቃዎች ይደነግጣሉ። ስለዚህ ለዶቃ የሚሆነው እቶን በፊቱ ትንሽ በር ያለው ነው፤ በበሩም የዘንጎቹ ጫፍ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ለማዋሐድ ሥራ ግን ትልቁ ክዳን ተነሥቶ መደርደሪያው በሙሉ የሚታይበት ይሻላል። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ ሰው ከላይ ሽቦ፥ ከፊት ትንሽ በር ያለውን ይፈልግ። ስፋቱን በሚመለከት፥ ሥራው ግድግዳውን መንካት ስለሌለበት የውስጡ ወርድ 20 ሴንቲሜትር የሆነ እቶን 15 ሴንቲሜትር ያህል ገበታ ይይዛል ብሎ ማሰብ ይበጃል። መስተዋት ፈጽሞ ሲዋሐድ ወደ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ስለሚያዘነብል፥ ከዚያ በላይ የተደራረበው ወደ ጎን ይስፋፋል፤ ይህም ሊታሰብበት ይገባል።

አምስተኛው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 1,500 ዋት የሚፈልግ ትንሽ እቶን በዚህ ቮልት 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም ከእንጀራ መጋገሪያው የኤሌክትሪክ ምጣድ ያነሰ ነው። ነገር ግን ከአሜሪካ የሚመጡ ትናንሽ እቶኖች ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለውን እቶን ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ቢሰኩት፥ ሽቦው ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ወዲያው ይቃጠላል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሊልኩላችሁ ሲያስቡ በእቶኑ ጀርባ የተለጠፈውን የቮልት ቁጥር አንብበው እንዲነግሯችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምጣዱና እቶኑ በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ፥ እቶኑም በቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ እንዳይሰካ ተጠንቀቁ።

እቶኑ ከተገዛ በኋላ ሥራ ሳይጀመር ጠባዩን መፈተን ይገባል። በመጀመሪያ ባዶውን እስከ 510 ዲግሪ አግላችሁ አጥፉት፤ ሳትከፍቱም በየ10 ደቂቃው ቁጥሩን ጻፉ። በዚህ አኳኋን እቶኑ በራሱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበርድ ታውቃላችሁ፤ መብራት ቢጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንዳላችሁም ይነግራችኋል። ቀጥሎም በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ እኩል የሆኑ ቀጫጭን የመስተዋት ቁራጮችን በሁለት ድጋፍ ላይ እንደ ድልድይ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አግሉ። በአንድ ጊዜ እኩል ከጎበጡ ሙቀቱ እኩል ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከጎበጠ የእቶኑ ትኩስ ማዕዘን እርሱ ነውና ውድ ሥራ በዚያ አታስቀምጡ።

የመስተዋቱም ዐይነት መመሳሰል አለበት። እያንዳንዱ መስተዋት ሲሞቅ የሚለጠጥበት ልክ አለው፤ ፋብሪካዎችም ይህን በቁጥር ያመለክታሉ። የሙራኖው ዘንግ 104፥ የቡልስአይ ገበታ 90፥ ቦሮሲሊኬት 33 ይባላል። 104 የሆነውን ከ90 ጋር ያዋሐደ ሰው፥ እቶኑ የቱንም ያህል ቀስ ብሎ ቢያበርድ ሥራው መሰንጠቁ አይቀርም፤ አንዱ ብዙ ሌላው ጥቂት ይኮማተራልና። በአሮጌ ጠርሙስ የሚሠራም ሰው የአንዱን ጠርሙስ ስብርባሪ ከሌላው ጋር ባይቀላቅል ይሻላል። ሥራው በሚገባ ማረፉን ለማወቅ፥ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ጨለማ እስኪሰጡ ድረስ አንዱን በሌላው ላይ አዙሮ፥ ብርሃን የሚያሳልፈውን መስተዋት በመካከላቸው መያዝ ይቻላል። መጓተት ያለበት ስፍራ በጨለማው ውስጥ ያበራል።

እቶን ለመግዛት ገና አቅም ያላገኘ ሰውስ ምን ያድርግ? ዶቃውን በሴራሚክ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቀስ እንዲል ማድረግ ይችላል። ይህ ግን ዶቃው ወዲያው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ ማሳረፍን አይተካም። እንዲህ የበረዱትን ዶቃዎች አጠራቅሞ፥ እቶን ካለው ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ከብርድ ጀምሮ በዝግታ አስሙቆ ማሳረፍ ይቻላል። ሳያርፉ ግን ለገበያ ባይቀርቡ መልካም ነው።

ስለ ጤንነትም እናሳስባለን። እቶኑ በሲሚንቶ ወይም በብረት ላይ፥ ከግድግዳና ከመጋረጃ ርቆ፥ አየር በሚገባበት ክፍል ይቀመጥ። የሴራሚክ ጭረትና የመስተዋት ዱቄት ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፥ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይገባል። ልጆችም ወደ ጋለው እቶን እንዳይቀርቡ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ እቶን ለመግዛት ስትነሡ በቅድሚያ መቆጣጠሪያውን፥ ቀጥሎ ግድግዳውን፥ ከዚያም ሽቦውን፥ በሩንና ቮልቱን ተመልከቱ፤ የሚያብረቀርቀውን ቀለሙንና ከፍተኛ ዲግሪውን በመጨረሻ አድርጉት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በጥድፊያ የበረደ መስተዋት በጥድፊያ ይሰበራል። ዶቃ ሠሪ ለገዢው የሚሸጠው ቀለሙን ብቻ አይደለም፤ ዶቃው በአንገት ላይ ሳለ እንደማይሰበር የሰጠውን እምነት ጭምር ነው። ያንን እምነት የሚጠብቅለት፥ ማታ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ በሰዓት ጥቂት ዲግሪ ብቻ እየቀነሰ እስኪነጋ የሚሠራው እቶን ነው።